ከአለላው ጋር የተሰቀለው ፋይበር

አዲስ ሠራተኞች ፋይበር ሲቆርጡ ሳይ ደሜ ይፈላል። ስባሪውን መሬት ላይ ጣል፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ጠረግ ያደርጉና በዚያው እጅ እንጀራ ሊቆርሱ ይቀመጣሉ። «እንዴ! ምን ነካችሁ እናንተ?» ብዬ እጮኻለሁ። እነሱ ይሳሳቃሉ። «ሽማግሌው ዛሬም ተነሣበት» ሲባባሉ እሰማለሁ። ይበሉ። ለሽምግልና ገና ነኝ፤ ቁጣው ግን የራሴ ነው፣ ከየት እንደመጣም አሳምሬ አውቃለሁ። ቢቸና፣ እህቴ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ከአለላ ጋር ተሰቅሎ ከነበረ ነገር ነው የመጣው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምር።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ባጃጅ ቢቸና ገብቶ ሰው ገና ቆሞ የሚያየው ጊዜ ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦይ እየተቆፈረ ኬብል ይቀበራል። እኔ ቆፋሪዎቹ ካለፉ በኋላ የኬብሉን ጫፍና ጫፍ ከሚያገናኙት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። በኬብሉ ሆድ ውስጥ ያለው ፋይበር ከጸጉር የማይወፍር መስታወት ነው። ብርሃን በውስጡ ይሄዳል፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም በብርሃኑ ይሄዳል። መስታወቱ ላዩ ላይ ስስ የቀለም ልባስ አለው። ልባሱን ትልጣለህ፣ በአልኮል ትጠርጋለህ፣ ጫፉን አስተካክለህ ትቆርጣለህ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ከወንድሙ ጋር ፊት ለፊት ታስተኛዋለህ፤ ማሽኑ ብልጭ ያደርግና አንድ ያደርጋቸዋል። ሲያዩት እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

አለቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የሞጣ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ የወጡ፣ ግን የቅኔ ቤቱ ጠባይ ያልወጣላቸው ሰው። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል፣ ለመስማት ወደ አፋቸው መጠጋት አለብህ። ያ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። የሥራ ድንኳናቸው እንደ ቤተ መቅደስ ነው፦ እዚያ ውስጥ እህል አይቀመስም፣ ዓይን አይታሽም፣ የፋይበር ጫፍ ወደ ዓይን አይጠጋም፤ የሚያቃጥለው ብርሃን አይታይማ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ስባሪ እንዲታይ። እያንዳንዷ ስባሪ በወረንጦ ተለቅማ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች። ቁራጭ ከድንኳኑ ይዞ የወጣ ሰው ከሥራውም አብሮ ይወጣል ብለው ነበር።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉኛል፣ ማሽኑን ስጡኝ ብዬ በጨቀጨቅኋቸው ቁጥር። «መጀመሪያ ቀለሞቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልህ ድገምልኝ።»

ቀለሞቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ ተራ አላቸው፣ ተራው አይናጋም። አንዱን ፋይበር ከማይሆን ወንድሙ ጋር ካገናኘኸው የአንዱ ከተማ ስልክ የትም ይቀራል። እኔ ደግሞ አምስተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋኛል። ግራጫና ነጭ ይምታቱብኛል፣ ከጥቁር በኋላ ያለው ጭራሽ ገደል ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ጋሼ ፊታቸውን ሲያዞሩ ከሚጣለው ቁራጭ ሁለት ክንድ ያህል ለቀም አደረግሁና ጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ቤት ወስጄ ላጠና ነበር። ሌብነት መስሎም አልታየኝ፤ ሊጣል ነው ብዬ።

ቤት ማለት እህቴ ቤት ነው። እናታችን ስታርፍ እኔ የወተት ጥርሴን ገና እየነቀልኩ ነበር። እታለም እሷ ራሷ ልጅ ሳለች እናት ሆነችኝ። ስፌት ነው ያሳደገኝ። ሰፌዱን፣ ሙዳዩን፣ መሶቡን እየሰፋች ገበያ ታወጣለች፤ ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ ነው። በቢቸና «የእሷ እጅ ነው» ከተባለ ሰው ስፌቱን ገልብጦ አያይም። በዚያ ዓመት ደግሞ ለጥር ሠርጌ ተቆርጦ ስለነበር ከክረምቱ ጀምራ የኔን መሶብ ትሰፋ ነበር። አለላውን፣ ቀለም የተነከረውን የአክርማ ሣር ማለቴ ነው፣ ራሷ ትነክራለች፤ በየቀለሙ ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች።

ፋይበሩን ፈትቼ ሳሳያት ዓይኗ በራ። «ምንድን ነው ይኼ? እንዴት ያለ ቀለም ነው እባክህ!»

«ብርሃን የሚሄድበት ክር ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አንቺ እዚህ ሃሎ ስትዪ ሞጣ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ይሰማል።»

ተራውን ስነግራት ፊደል ያልቆጠረችው እህቴ በአንድ ምሽት ያዘችው፣ እኔን ያንገላታኝን! በራሷ ስም ነው የያዘችው። «ሰማይ፣ ብርቱካን፣ ሣር፣ ቡና፣ አመድ፣ ወተት፣ በርበሬ፣ ጥላሸት፣ አደይ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ድድ፣ የትምህርት ቤቱ በር።» የትምህርት ቤቱ በር ውሃ ሰማያዊ ነበር። ድድ ያለችው ሮዙን ነው። ሆዴን ይዤ እስክስቅ ድረስ ደጋግማ አስባለችኝ። በማግስቱ ጋሼ ፊት ቆሜ በልቤ አመድ፣ ወተት፣ በአፌ ግራጫ፣ ነጭ እያልኩ አንድም ሳልስት ወጣሁት። ከማሽኑ ፊት ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ያን ቀን እኔን ማን ይቻለኝ!

ሥራው ወደ ሞጣ ስለተጠጋ ሦስት ሳምንት እዚያው ሰፈርን። ቁራጩን እታለም ቤት ረሳሁት። እሷም ከአለላዋ ጋር ሰቀለችው። ሁሉን ነግሬያት ነበር፤ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ራሴ። መስታወት መሆኑን ግን አልነገርኳትም። መኩራት ስፈልግ ማስጠንቀቅ የት ትዝ ይለኛል?

የገና ጾም ሊያልቅ ሲል ቅዳሜ ከሰዓት ቢቸና ደረስኩ። እታለም በር ላይ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጣ ትሰፋለች። መሶቡ ሊያልቅ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ከንፈሩ ዙሪያውን ያብረቀርቃል፦ ሰማይ፣ ብርቱካን፣ ሣር፣ ቡና... በተራቸው! አንድም አልሳተችም።

«ወንድምዓለም፣ ሥራህን መሶብህ ላይ አወጣሁልህ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንዲህ ያለ መሶብ በጎጃም ማን አለው አልኩ። ቀጥላ «ማማሩንስ ያምራል፣ ግን ክፉ ነው፤ ስጠመዝዘው ቀለሙ ሳይበጠስ ውስጡ ቀጭ ይላል» አለችና አንዱን ፈትል መዝዛ፣ አክርማ እንደምታርሰው፣ በከንፈሯ መሀል ልትስበው ወደ አፏ አስጠጋችው። ሰፊዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የደረቀ አክርማ ካልራሰ ይሰበራላ።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። እጇን መታሁት። መሶቡ ተንከባለለ፣ ወስፌው ውጭ ወደቀ።

«በእመቤቴ! አበድክ እንዴ?»

«ትፊ! ተጉመጥመጪ! መስታወት ነው እታለም!» እያልኩ የውሃውን ጣሳ አፏ ላይ ደቀንኩት። ደጋግማ ተጉመጠመጠች፣ አፏ ደህና ነበር። ያኔ ነው የቀኝ እጇ ሌባ ጣት በጨርቅ መታሰሩን ያየሁት። ስፈታው ጫፉ አብጦ ቀልቷል፣ ያብለጨልጫል። «እሾህ ነው፣ ሳምንቱ ነው፣ ጎረቤት በመርፌ ፈልጋ አጣችው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መስታወት ከሆነ ለምን ክር ነው አልከኝ?»

ጨርቁን መልሼ አሰርኩላት።

ያ ጣት ምን እንደሆነ ስፌት የማያውቅ ሰው አይገባውም። ቀኝ እጅ በወስፌው ይወጋል፣ ያቺ ጣት ደግሞ ቀዳዳውን በዳሰሳ ታገኘዋለች። ስፌት ሰፊ ዓይኗ ጣቷ ላይ ነው። እሷን ካጣች ቤቷም ስሟም እዚያው ያበቃል።

ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ወጣት፣ ቀልጣፋ ልጅ ናት። «ምንድን ነው የወጋሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

እታለም ወደኔ ዞር አለች። ቁራጩን ሰርቄ እንዳመጣሁ በመንገድ ነግሬያት ነበር፤ እውነቱን ብትናገር ሥራዬን ልታሳጣኝ እንደምትችል ገብቷታል። «እሾህ ነው» አለች።

እኔም ዝም አልኩ። አፌን ለጉሜ ቆምኩ፣ ወንድ ነኝ ብዬ! ሲስተሯ በወረንጦ ብትፈልግ ብትፈልግ ምንም አጣች። አጥባ አሰረችላት፣ መድኃኒት ሰጠቻት። «ምን እንደገባ ካላወቅሁ የት እንደምፈልግ አላውቅም» አለች። «እስከ ሰኞ ካልቀነሰ ደብረ ማርቆስ ልልክሽ ነው፣ ጣትሽ በቀዶ ጥገና ይከፈታል። አልዋሽሽም፣ ወደ መገጣጠሚያው ከወረደ ጣቱ ያሰጋኛል።»

ያን ምሽት እህቴ ራቷን በግራ እጇ ጎረሰች። እንዳልበሳጭ ብላ ስለ ሠርጉ ታወራኛለች። ጨርቅ የታሰረባትን ጣት እያየሁ ለራሴ፣ አንተ ሰው፣ ማሽኑን ነው ወይስ እህትህን ነው የምትፈልገው አልኩት። እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ጋሼን ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸው። ገና ነጠላቸውን አላወረዱም። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ጤና ጣቢያ ቆሜ ዝም ማለቴን ጨምሬ። ድምፃቸው ቀነሰ። ጠጋ አልኩ።

«ዓይኗ ነው ጣቷ?»

«ጣቷ ነው ጋሼ።»

«አፏስ?»

«ደህና ነው።»

ግንባር ላይ የሚታሰረውን ማጉያ መነጽር፣ ትንሿን ባትሪ፣ ጥቁሩን ጨርቅና ጠርሙሱን ይዘው ፒካፑ ውስጥ ገቡ። እኔን አሳፍረው ወደ ቢቸና ነዱ። ያ መንገድ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም።

ሲስተሯ እሑድም ተረኛ ነበረች። «እሾህ አይደለም፣ መስታወት ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት» አልኳት። አየችኝና «ትናንት እዚህ ቆመህ አልነበር?» አለች። አዎ አልኩ። ጥፊ ብታቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ግን በትሕትና ጎንበስ ብለው «ሲስተር፣ እርስዎ ይሥሩ፣ እኔ ብርሃን ልያዝልዎት» አሏት። መነጽሩን ግንባሯ ላይ አሰሩላት። የእታለምን እጅ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አስቀመጡ፣ መስኮቱን አስዘጉ። «ከላይ ሲያበሩበት ይደበቃል፤ ከጎን ሲያበሩበት ይታያል» ብለው ባትሪውን ከጣቷ ጎን አጋደም አድርገው ያዙ። ቀስ እያሉ አዞሩት። ለብዙ ጊዜ ምንም የለም። እታለም ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች። ድንገት ሲስተሯ «ቆይ! ቆይ! እዚያው!» አለች። አንዲት ነጥብ ብልጭ ብላ ነበር። በወረንጦው ይዛ ሳበቻት። ጋሼ ተቀብለው ጠርሙሱ ውስጥ ጨመሩና «አንዷ ናት፣ ስትሰበር መንታ ትሆናለች፣ ይፈልጉ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሁለተኛዋ ጠልቃ ተገኘች። እታለም ያኔ ብቻ ነው «ወይኔ እናቴ» ያለችው።

ጣቷ መትረፏን ስሰማ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሼ አጠገቤ ቆሙ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «መሶቡስ?» አሉኝ።

ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ያ መሶብ ሠርጉ ላይ እንጀራ ሊቀርብበት ነው። መቶ እጅ ከንፈሩን ሊነካ ነው። እታለም ሲነግሯት ደነገጠች፣ የክረምቱ ልፋት ሁሉ ዓይኗ ላይ ዞረ። «ይቃጠል?» አለች በቀጭን ድምፅ። ጋሼ እታለም ቤት ድረስ መጥተው መሶቡን በባትሪ መረመሩ። «የመጨረሻው ሁለት ዙር ይቆረጥ፤ ከዚያ በታች ንጹሕ ነው» አሉ። ለኔ ደግሞ «ማሽኑን እስከ ፋሲካ አትነካም። ጠርሙስ ተሸካሚ ነህ» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ጋሼ ለሌላ ሰው አልነገሩብኝም፤ ውለታቸውን እግዜር ይክፈላቸው።

ሁለቱን ዙር ጓንት አድርጌ፣ ጥቁር ጨርቅ አንጥፌ፣ ራሴ ቆረጥኩ። ሰማዩ፣ ብርቱካኑ፣ ሣሩ አንድ በአንድ ጠርሙስ ገባ። አፉ የተቆረጠው መሶብ እንደ ጥርስ አልባ አዛውንት ቁጭ አለ። ሠርጉ ደርሷል፣ የእታለም እጅ ታስሯል። ሌላ ሰፊ ልጥራ ስላት «በኔ መሶብ ላይ የሌላ እጅ? ሞቼ!» አለች። ከዚያ ወስፌውን አነሣችና ለኔ ዘረጋችልኝ።

ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ ስፌት ይዞ በር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚባል ላስረዳ? ጎረቤቶቹ ለማየት ብቻ እሳት ልጫር እያሉ መጡ። «ሙሽራው ሙሽሪትን መሰለ!» ትላለች አንዷ። «እሷስ ማረሻውን ይዛ ነው የምትመጣው?» ትላለች ሌላዋ። ላቤ ይንቆረቆራል። ወስፌው ይወጋኛል፣ አክርማው ይበጠሳል፣ እታለም ከጎኔ ሆና «አጥብቅ፣ አታላላ፣ ወዲህ ሳብ፣ ኧረ ምን ዓይነት እጅ ነው!» ትላለች። አንዷን ዙር ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ቦታ ጎብጣለች፣ አንድ ቦታ ተንጋድዳለች። «እንዳለች ትቅር» አለች እህቴ።

የጣቷ እብጠት ወረደ፣ ቁስሉ ደረቀ። ጨርቁ የተፈታ ቀን አክርማ ሰጠኋትና «ተሰማሽ?» አልኳት። ጫፏን ደጋግማ አሸችው። «ጥጥ የነካሁ ይመስለኛል» አለች። በወስፌው ወጋች፣ ቀዳዳውን ፈለገች፣ አጣችው። እንደገና ፈለገች። ከዚያ ስፌቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እንዲያ ስታለቅስ ያየኋት እናታችን ስታርፍ ብቻ ነው። በማግስቱ ግን በመሀል ጣቷ ጀመረች፣ እንደ ጀማሪ ልጅ፣ እየፈታች፣ እየደገመች። የመሶቡን ክዳን ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጨረሰችው። ጋሼ ሠርጉ ላይ መጥተው እኛን ከመመረቃቸው በፊት ባትሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የመሶቡን ከንፈር ዙሪያውን በጎን አበሩበት። ሙሽሪት ደንግጣ አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ዛሬ የምኖረው ሞጣ ነው፣ መሶቡም እዚሁ ነው። እታለም አሁንም ትሰፋለች፣ ስሟም አልወደቀም፤ የጣቷ ጫፍ ግን አልተመለሰም። ሲስተሯ ይመለስ ይሆናል ብላ ነበር፤ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ተውነው። ለበዓል ስትመጣ እንግዳ ሁሉ እንጀራውን ሲቆርስ እሷ በዚያች ጣት የመሶቡን ከንፈር ዳበስ ዳበስ ታደርጋለች። ከታች የራሷ ዙሮች አሉ፣ እንደ መስታወት የለሰለሱ። ከላይ የኔዋ አለች።

ባለፈው ፋሲካ ጠየቅኋት። «እታለም፣ ሁልጊዜ ምንድን ነው የምትዳብሺው?»

ጣቷ የኔ ዙር የጎበጠችበት ቦታ ላይ ቆመ።

«ሌላው ሁሉ ጥጥ ነው» አለችኝ። «እዚህች ላይ ብቻ ይሰማኛል።»